«በሕግ አምላክ!» ሥልጣንን የሐሰት መሸፈኛ ስለሚያደርጉ ሹማምንት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አባቶቻችን ጉልበተኛ ደካማውን ሲገፋ ባዩ ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር። ይህን ቃል የሰማ ሰው ዱላ ቢያነሣም እንኳ እጁን ይሰበስብ ነበር፤ ባለጋራውም ነጠላውን ከነጠላው ጋር ቋጥሮ ወደ ዳኛ ሲወስደው ያለ ወታደር አብሮት ይሄድ ነበር። ይህም የሆነበት ምክንያት ሕግ ባለቤት እንዳለው፥ ባለቤቱም እግዚአብሔር እንደ ሆነ ስላመነ ነው። እኛም ዛሬ የምንናገረው ይህን የሕዝብ እምነት ለማታለያ ስለሚያውሉት፥ ሕግ ያልሰጣቸውን በሕግ ስም ስለሚያደርጉ ሹማምንት ነው።

ሥልጣን ከእግዚአብሔር መሆኑን ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 13 አስተምሮናል። ስለዚህ ሹምን ማክበር ግዴታችን ነው። ነገር ግን ከእግዚአብሔር የተቀበሉት ነገር አደራ ነው እንጂ የግል ሀብት አይደለም። ሹም ከተሰጠው ወሰን አልፎ ሳለ «ሕግ ነው» ቢል፥ የሕግን አምላክ ስም በከንቱ ጠራ።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ነገር እናስታውስ። ንጉሡ አክአብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን ወይን የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ወደደ፤ ዋጋም ሰጠ። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሸጥም አለ። እስከዚህ ድረስ ንጉሡ ገበያተኛ ነበር፤ ባለርስቱም እንቢ ለማለት መብት ነበረው። ከዚህ በኋላ ኤልዛቤል በአክአብ ስም ደብዳቤ ጻፈች፤ በማኅተሙም አተመችው፤ ለኢይዝራኤል ሽማግሎችና መኳንንትም ላከችው። ጾም ታወጀ፤ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ሁለት ምስክሮች ቆመው ናቡቴ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ተሳደበ ብለው መሰከሩ፤ እርሱም ከከተማ ውጭ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

ወገኖቼ ሆይ! በዚህ ሸንጎ ከሕግ ሥርዓት ምን ጐደለ? ደብዳቤ አለ፤ ማኅተም አለ፤ ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ የሙሴ ሕግ የሚጠይቃቸው ሁለት ምስክሮች ቀርበዋል፤ ቅጣቱም በሕግ የተጻፈው ነው። የጐደለው እውነት ብቻ ነው። እውነት የጐደለው ሥርዓት ደግሞ በሬሳ ላይ እንደ ተደረበ ካባ ነው፤ ካባው ቢያምርም ሬሳው አይነሣም።

ወንበዴ በጫካ ቢቀማን «ዳኛ አለ» ብለን እንጽናናለን። የሐሰት ሹም ሲቀማን ግን ገንዘባችንን ብቻ አይወስድም፤ የምንጮኽበትንም ደጅ ይወስዳል። የወንበዴ ኃጢአት አንድ ሲሆን የእርሱ ሁለት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር በኢይዝራኤል የቀረ አይደለም። ደረሰኝ የሌለውን ገንዘብ «የመንግሥት ነው» ብሎ የሚቀበል፥ ማንም ያላነበበውን መመሪያ እየጠቀሰ የድኻን ይዞታ የሚቆርስ፥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ሌሊት ቤት የሚፈትሽ፥ እርሱ የኤልዛቤልን ማኅተም ይዟል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዝዟል፤ ይህን እያወቀ ሰውን ያለ ፍርድ የሚያቆይ ሹም በሕግ ልብስ ሕግን ያስራል። በአባቶቻችን ጉባኤ ቤት ሲተረጐም የኖረው ፍትሐ ነገሥትም ዳኛን ከመማለጃና ከማዳላት አጥብቆ ይከለክለዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ግን ከእነዚህ ከማናቸውም አላገኘነውም፤ ሆዳችን ያወጣው ነው።

እናንተም በጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ልጆቻችን፥ የኢይዝራኤልን ሽማግሎች አስቡ። ደብዳቤውን እነርሱ አልጻፉም፤ ወይኑንም አልተካፈሉም። «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። ዳሩ ግን ናቡቴ የሞተው በእነርሱ ሸንጎ ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚጽፍ፥ የሚያትም፥ የሚመሰክር እጅ ድንጋዩን ከወረወረው እጅ ጋር ይቈጠራል።

የተበደላችሁት ደግሞ በትሕትና «በየትኛው ሕግ?» ብላችሁ መጠየቅ ዓመፅ እንዳይመስላችሁ። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈው፥ ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፈው ታሰሩ። በማግሥቱ ገዢዎቹ በስውር ሊለቋቸው ፈለጉ። ጳውሎስ ግን የሮም ሰዎች መሆናቸውን አስታውቆ፥ በግልጥ የገረፉን ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። ገዢዎቹም ፈርተው መጡ፤ ለመኑአቸውም። ስለ ሥልጣን የጻፈው ሐዋርያ ይኸው ነው! ሹምን ያከብራል፤ በሹም ሐሰት ግን አይስማማም። ዱላ አላነሣም፤ ሕጉን ጠቀሰ እንጂ።

እኛም ካህናት ራሳችንን እንመርምር። በናቡቴ ላይ ለተፈጸመው ግፍ ጾም መሸፈኛ ሆኖ ነበርና፥ ጸሎታችንና ቡራኬያችን የማንም ግፍ መጋረጃ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። የቀማ ሹም ለንስሐ ወደ እኛ ሲመጣም «ጹም፥ ስገድ» ብለን ብቻ አናሰናብተው፤ «የወሰድኸውንስ መለስህን?» ብለን እንጠይቀው። አክአብ የኤልያስን ተግሣጽ በሰማ ጊዜ ማቅ ለብሶ ጾሟል፤ እግዚአብሔርም መዋረዱን አይቶ ቅጣቱን ወደ ልጁ ዘመን አዘገየለት። ወይኑን ለናቡቴ ወገኖች እንደ መለሰ ግን አልተጻፈልንም። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ደግሞ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ በዚያም ቀን መዳን ለቤቱ ሆነ። ሁለቱም አዝነዋል፤ የተቀማውን ሊመልስ የቆመው ግን ዘኬዎስ ነው።

እንግዲህ በወንበር ላይ የተቀመጥህ ወንድማችን ሆይ! ማኅተሙን ከማሳረፍህ አስቀድመህ በልብህ «በሕግ አምላክ» በል። በእጅህ ያለው ማኅተም ነገ ለሌላው ይሰጣል፤ በእርሱ ያተምኸው ግን በእግዚአብሔር ፊት ይነበባል።

ለሹሞቻችን እውነተኛ ፍርድን፥ ለተበደሉት መጽናናትን፥ ለሁላችንም የንስሐ ልብን እርሱ ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።