ደሙ ወዴት ይሄዳል?

ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በተዘጋጀ የልብ ሕመም ሥልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

 

የሥልጠናችን ዓላማ የልብ ሕመምን በጤና ጣቢያ ደረጃ መለየት ነው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግን ደም በልብና በሳንባ በኩል ለሚያደርገው ጉዞ ሰጥተነዋል። ይህንን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ይሁን እንጂ ለፈተና ያጠናነው መንገድ ትንፋሽ ያጠራት ልጅ ፊታችን ስትቀመጥ ትዝ ካላለን ለእሷ ምን ይፈይድላታል?

ጉዞውን አብረን እንከተል። ኦክስጅኑን ለሰውነት አከፋፍሎ የተመለሰው ደም በሁለቱ ታላላቅ ደም መልሶች ወደ ቀኙ አትሪየም ይገባል፤ በትራይከስፒድ ቫልቭ አልፎ ወደ ቀኙ ቬንትሪክል ይወርዳል። ቬንትሪክሉ ሲኮማተር ደሙ በሳንባ ደም ቅዳ ወደ ሁለቱ ሳንባዎች ይሄዳል። እዚያም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩትን የአየር ከረጢቶች በከበቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ፣ አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ኦክስጅን ይቀበላል። ከዚያ በአራቱ የሳንባ ደም መልሶች ወደ ግራው አትሪየም፣ በማይትራል ቫልቭ ወደ ግራው ቬንትሪክል፣ በአኦርታ ወደ መላ ሰውነት ይጓዛል።

የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ላይ እንኳ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። በቀኝና በግራ የሚያልፈው መጠን እኩል ነው፤ ግፊቱ ግን እጅግ ይለያያል። ክንድ ላይ 120 በ80 በምንለካው ጤናማ ሰው፣ በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት 25 በ10 ገደማ ብቻ ነው። የሳንባ የደም ሥሮች ስሶች ናቸው፤ ከፍ ያለ ግፊት አይችሉም። የዛሬው ትምህርታችን ቁልፍ ይህ ነው።

የሰው ልጅ ይህን መንገድ ያገኘው በብዙ ድካም ነው። ደም በልብ መካከለኛ ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል የሚለው የጥንቱ ሐኪም የጋለን ትምህርት ከ1,000 ዓመት በላይ ጸንቶ ኖሯል። በ13ኛው መቶ ዘመን በካይሮ የሠራው ኢብን አል ናፊስ ግድግዳው ቀዳዳ እንደሌለው፣ ደሙም የግድ በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ ጻፈ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1628 ዊልያም ሃርቪ የደምን ዝውውር በሙሉ አስረዳ፤ በ1661 ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ አየ። እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ የእኛም የዕለት ጥያቄ ነው፦ ደሙ ወዴት ይሄዳል? የቱ ጋ ታገደ?

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳውን ሩማቲክ የልብ ሕመም እንመልከት። የጤነኛ አዋቂ ማይትራል ቫልቭ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ይሰፋል። በሕመሙ ጠባሳ 1.5 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ጥበቱ ከባድ ነው። ቦይ ከታች ሲደፈን ውሃው ወደ ላይ እንደሚተኛ ሁሉ፣ ደሙም በግራው አትሪየም፣ ከዚያም በሳንባ ደም መልሶች ውስጥ ይከማቻል። ግፊቱ ሲያይል ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። የታመመችው ልጅ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ በጀርባዋ መተኛት ያቅታታል፤ ትስላለች፤ አንዳንዴም አክታዋ ደም ይቀላቅላል። እያደር ቀኙ ቬንትሪክል ይደክማል፤ ጉበቷና እግሯ ያብጣል። ሳንባዋን ብቻ ያየ ባለሙያ አስም ወይም ቲቢ ሊላት ይችላል። የደሙን መንገድ የሚያስታውስ ግን ልቧንም ያዳምጣል።

አዋላጆች ሆይ፣ በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር፣ ተደብቆ የኖረ የቫልቭ ጥበት ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በእናንተ ክፍል ነው። ትንፋሽ ያጠራትን ነፍሰ ጡር “የእርግዝና ነው” ብላችሁ አትሸኙ።

የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻ በስትሬፕቶኮከስ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም፤ በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ይከላከለዋል። አንዴ የታመመውም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ሲወጋ ቫልቩ ከተጨማሪ ጉዳት ይጠበቃል። የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ውድ ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። መርፌው ግን በእናንተ እጅ ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህንን ነው፦ ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ ልቡን ሳታዳምጡ አትሸኙት፤ የተጠራጠራችሁትን ለልብ አልትራሳውንድ ላኩት፤ መርፌ የጀመረው ሲቀር ቤቱ ድረስ ፈልጉት። ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን እየገለጽሁ፣ መልካም የትምህርት ጊዜ እመኝላችኋለሁ።