ስለ ቤት ኮምፒዩተርና ስለ ፊደላችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር ያሰብነው በቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ ይሠራ ስለ ነበረ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ስሙ ሳኽር ይባላል፤ ትርጓሜውም በዓረብኛ ዓለት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኩዌት ሰው መሐመድ አል ሻሪኽ የመሠረተው አል ዓለሚያ የተባለ ኩባንያ፥ በጃፓን የተጀመረውን ኤም ኤስ ኤክስ የሚባል ባለ ስምንት ቢት ኮምፒዩተር ወስዶ የዓረብኛ ፊደል አስተማረው። የዓረብ ልጅም ፊደሉን በቁልፎቹ ላይ ተጽፎ አገኘው፤ ለመሣሪያው የሚሰጠውንም ትእዛዝ በቋንቋው ለመጻፍ ቻለ።

እኛስ በዚያ ዘመን ስለ ምን እንዲህ ያለ መሣሪያ አላገኘንም? አንደኛው ምክንያት ችግር ነው። በ1977 ዓ.ም. የወሎ ሰው በድርቅ ምክንያት እህል አጥቶ ሲንከራተት፥ ስለ ኮምፒዩተር ለማሰብ ጊዜ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት በሒሳብ የሚታይ ነው። ስምንት ቢት እንደ አንድ ቁና ነው፤ የሚይዘው 256 ምልክት ብቻ ነው። ከዚህም 128ቱን ስፍራ የእንግሊዝኛ ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክቶች አስቀድመው ይዘውታል። ዓረብኛ 28 ፊደል ስላለው፥ መልኩ እንደ አቀማመጡ ቢለዋወጥም፥ በቀረው ስፍራ ይበቃዋል። የእኛ ግን 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231፤ ቈ፥ ኈ፥ ኰና ጐ ከነዘሮቻቸው 20፤ የግእዝ ቁጥር 20፤ ድምሩ 271 ይሆናል። የጎተራ እህል በአንድ ቁና እንዴት ይገባል?

እንደ ፍሥሐ አጥላው ያሉ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ደከሙ። ሌሎችም ባለሙያዎች ተከትለው፥ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያም በላይ እየከፈሉ አስገቡት። ነገር ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ስለ ሠራ፥ አንዱ የጻፈውን የሌላው መሣሪያ ሊያነበው አልቻለም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት ሥርዓት ለፊደላችን 384 ቦታ መደበለት። ጎተራው ያን ጊዜ ተሠራ።

እንግዲህ እኛ ምን አደረግን? ከወልድያ ወደ መርሳ መልእክት ስንልክ አማርኛውን በላቲን ፊደል እንጽፋለን። ከአያቶቻችን መካከል በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አሉ። የገዛ ልጃቸው የላከላቸውን «ይህ የፈረንጅ ነው» ብለው ለጎረቤት ልጅ ያስነብባሉ። በዚህም ሌላ ሰው አንከስም፤ ጥፋቱ የእኛው ነው። ሌሎች ደክመው ያገኙልንን ስፍራ ባዶ መተው መክሊቱን እንደ ቀበረው አገልጋይ መሆን ነው።

ስለዚህ የዘንድሮ ተፈታኞች ከመለያየታችን በፊት ለታናናሾቻችን በየሳምንቱ አንድ ሰዓት በፊደላችን በኮምፒዩተር መጻፍን ልናስተምር ቃል ገብተናል። እናንተም የሐብሩና የወልድያ ልጆች፥ ዛሬ ማታ ለአያቶቻችሁ የምትልኩትን ሰላምታ በፊደላችን ጻፉ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።