የነገን ብር ዛሬ መተመን

ቀን ባንክ እየሠራችሁ ማታ በፋይናንስ ማስተርስ ለመማር ላሰባችሁ አንድ ነገር ላስረዳ።

አካውንቲንግ የተሠራውን መዝግቦ ያሳያል። ፋይናንስ ደግሞ ነገ የሚገባን ገንዘብ ዛሬ ስንት ያወጣል ብሎ ይጠይቃል። ከዓመት በኋላ 1,200 ብር የሚከፈልበት የግምጃ ቤት ሰነድ ቀረበላችሁ እንበል። ብራችሁ ሌላ ቦታ በተመሳሳይ ስጋት 20 በመቶ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ለሰነዱ ከ1,000 ብር በላይ መክፈል አያዋጣም፤ 1,200 ለ1.2 ሲካፈል 1,000 ነዋ! አክሲዮኑም፣ ቦንዱም፣ የፋብሪካ ፕሮጀክቱም የሚተመነው በዚሁ መንገድ ነው። ማካፈሉ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው “20 በመቶውን ከየት አመጣኸው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘቱ ነው። አብዛኛው ትምህርት የሚያልቀው እዚያ ላይ፣ ማለትም ይህን ተመን ከመረጃ በመገመት ላይ ስለሆነ፣ ስታቲስቲክስ የራቃችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ከልሱ፤ ከልቤ ነው የምመክራችሁ።

የመመረቂያ ጽሑፍን በተመለከተ፣ የባንኮች ትርፋማነት ላይ ብዙ ተጽፏል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ግን በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አክሲዮን እዚህ አገር እንዴት ዋጋ እንደሚያገኝ የሚያጠኑ ሰዎች በጣም ያስፈልጉናል።