ከደጋ ወደ ቆላ ለመሄድ ለሚያስብ ገበሬ



መሬታችን ጠበበ፣ ወደ መተከል ቆላ እንሂድ የምትሉ ሁሉ፣ አገሩን በጥር ብቻ አይታችሁ አትቁረጡ። በጥር እህሉ ተሰብስቦ፣ ወባው ረግቦ ታገኙታላችሁ፤ እውነተኛ ጠባዩ የሚታወቀው ዝናሙ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ ደጋ ወደ ፓዌ ከተወሰዱት ብዙዎቹን የጐዳቸው ወባ ነበር፤ ደማቸው አልለመደውምና።

እኔን ይልቁን የሚያስፈራኝ የበሬው ነገር ነው። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ በሬውን አክስቶ ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከቤቱ አንድ ጐልማሳ አጐበር ይዞ ይሂድና እስከ ኅዳር ይቆይ፤ በሬ አይንዳ። የገብስ ዘርም አይሸከም፤ የዚያ አገር እህል ማሽላ ነው፣ ሰሊጥም ይሆናል። ጠፍ የሚመስለው መሬት ጉሙዞች እንዲያርፍ የተዉት እርሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ባለቤቱንም ጸጥታውንም ይጠይቅ። እርሱ እስኪመለስ የደጋውን ማሳ አትልቀቁ።