ዕቃው ሲታይ እጁ እንዳይረሳ፦ የእንጨት ጥበብና ቤተ መዘክሮቻችን



በቤተ መዘክር የተቀመጠ ዕቃ የንጉሥ ከነበረ የንጉሡ ስም ይጻፍለታል፤ የጠራቢው ስም ግን ብዙውን ጊዜ አይገኝም። በአካባቢ ቤተ መዘክሮች ባለሙያው ጎብኚ ፊት ተቀምጦ ሠርቶ የሚያሳይበት መርሐ ግብር ይህን ጉድለት ሊያርም ይችላል የሚል እምነት አለኝ።

የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ እንውሰድ። መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡ ናቸው፤ ሚስማርም ሙጫም የለበትም። ሦስት እግር ስላለው ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ አይንገዳገድም። እርጥብ እንጨት ለመሮ ይለሰልሳል፤ በፀሐይ በፍጥነት ከደረቀ ግን ይሰነጠቃል። ጠራቢው የእንጨቱን ጭረት እያየ የምቱን አቅጣጫ ይለውጣል። በመስታወት ውስጥ ያለው በርጩማ ይህን ሁሉ አይነግረንም፤ የሚነግረን እጁ ነው።

ነገር ግን ያ እጅ በታሪካችን ተንቋል። በጉራጌ ምድር የቤቱን ምሰሶ የሚያቆመው እንጨት ሠሪ ነበር። ቤቱ ያለ እርሱ አይቆምም፤ እርሱ ግን «ፉጋ» እየተባለ ከመሬት ባለቤትነትና ከሌላው ጋር ከመጋባት ተገልሎ ኖሯል። እንግዲህ የዚህን ሰው ልጅ ጠርተን «ሥራህን አሳየን» ስንለው ጥበቡን ማክበራችን ነው ወይስ እርሱን እንደገና መታያ ማድረጋችን?

መልሱ በአደራረጋችን ይወሰናል። አንደኛ፣ ስሙ ከሥራው ጋር ይጻፍ፤ ስለ ሥራውም ራሱ ይናገር። ሁለተኛ፣ ክፍያው እንደ መምህር ይሁን እንጂ እንደ ጉርሻ አይሁን። ሦስተኛ፣ እንጨት ይኑረው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዋንዛ የማይተክል ቤተ መዘክር የዋንዛን ጥበብ እጠብቃለሁ ማለት አይችልም። በግቢው ጥቂት ችግኝ ይትከል፤ የሚጠርበውም ወጣት ከችግኙ ጋር ይደግ።

ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የተደረገውን የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 አጽድቃለች። ስምምነቱ ዕውቀትና ክህሎትን ቅርስ ብሎ ይጠራል። ዕውቀት ደግሞ በሰው ውስጥ ይኖራል፤ ሰውየው ሳይከበር ዕውቀቱ ተጠብቋል ማለት አይቻልም።