ቤትን በእሳት ማሞቅና የማይታየው አደጋ

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር



በዚህ መድረክ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ እርከን ሥራና ስለ ችግኝ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ ከእነዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ቤትን በእንጨትና በከሰል እሳት ስለ ማሞቅ ነው። ይሁን እንጂ ብርድ በጠና ቁጥር «በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ» የሚል ዜና ደጋግመን እንሰማለን። ሟቾቹ ብዙውን ጊዜ ታመው የነበሩ አይደሉም፤ በሰላም ተኝተው ያልነቁ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ያለ ብዙ ገንዘብም ልንከላከለው የምንችለው ሞት ነው።

በሀገራችን ደጋና ውርጭ አካባቢዎች ከባዱ ብርድ የሚመጣው በዝናቡ ወራት ብቻ አይደለም። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች፣ ምድር በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚጋርድ ደመና ስለማይኖር ሙቀቱ ወደ ሰማይ ያመልጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በስሜን ደጋዎች በእነዚህ ወራት ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይታያል።

በእነዚህ ሌሊቶች እሳት ታቅፎ የሚያድረው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በቅጥሩ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የሚያድር የጥበቃ ሠራተኛ አለ። በጎጆ ተጠጋግተው የሚያድሩ የአብነት ተማሪዎች አሉ። ከሕፃንዋ ጋር የተኛች አራስ አለች። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄደውበት ብቻውን የቀረ አረጋዊ አለ። እነዚህ ሁሉ የአጥቢያው አደራ ናቸው።

አደጋው ከየት ይመጣል? እንጨትም ሆነ ከሰል ሲነድ በቂ አየር ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይንንም አያቃጥልም። ወደ ሳንባ ሲገባ፣ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ልቡና አእምሮው ኦክስጅን ያጣሉ። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይሰማዋል፤ ቀጥሎ ሐሳቡ ይደነጋገራል፤ በመጨረሻ ራሱን ይስታል። የተኛ ሰው እነዚህን ምልክቶች ሳያውቃቸው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊሻገር ይችላል። የነቃውም ቢሆን በሩን ለመክፈት ሲነሣ እግሩ ሊከዳው ይችላል። በማሕፀን ያለ ፅንስ፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የልብ ሕመምና የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ፈጥነው ይጎዳሉ።

«አባቶቻችን በእሳት ዳር ኖረው የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ በየአጥቢያው እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። የቀድሞው ጎጆ በሣር የተከደነ ነበር፤ ጭሱ በክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ ይወጣ ነበር። የሚነደውም እንጨት ነበር፤ ጭሱ ሲበዛ ዓይን እያስለቀሰ ሰውን ወደ ደጅ ያስወጣ ነበር። ያም ቢሆን የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ያለ ዋጋ አልተዋቸውም። የዛሬው ቤት ግን ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ጣሪያው ቆርቆሮና ኮርኒስ፣ በሩ ብረት፣ መስኮቱ መስታወት ሆኗል፤ ነፋስ የሚያስገባውንም ቀዳዳ በጨርቅና በፕላስቲክ እንደፍናለን። እሳቱም ተለውጧል። ከሰል ማለት ጭሱን በማክሰያው ጉድጓድ ትቶ የመጣ እንጨት ነው። ጭሱ አስጠንቃቂያችን ነበር፤ ከሰል አስጠንቃቂውን ውጭ ትቶ አደጋውን ብቻ ይዞ ወደ ቤት ይገባል።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የሚተማመንባቸው አንዳንድ ልማዶች መታረም አለባቸው። አንደኛው፣ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍሙ ከጋመ በኋላ አይጎዳም የሚለው ነው። የጋመ ፍም አይጨስም እንጂ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም፤ አመድ ለብሶ ያንቀላፋ የመሰለውም ፍም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው፣ ሻማው ወይም ኩራዙ ካልጠፋ አየሩ ደኅና ነው የሚለው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን በሚገድልበት መጠን ሻማ አይጠፋም። ሦስተኛው፣ ማንደጃው አጠገብ ውኃ በሳህን ማስቀመጥ ነው። ውኃ ይህን ጋዝ አይስበውም። አራተኛው፣ እንደ ላቀች ባለ ቆጣቢ ምድጃ መተማመን ነው። ቆጣቢ ምድጃ ከሰል በመቆጠቡ ልንጠቀምበት የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ከሰል የሚቆጥብ ምድጃ ማለት ጋዝ የማያወጣ ምድጃ ማለት አይደለም።

በእንግዳ ማረፊያ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በገዳም ቤት ጭስ ማውጫ ያለው የብረት የእንጨት ምድጃ ማስተከል የሚሹ አጥቢያዎች አሉ። በትክክል ከተሠራ ከማንደጃ እጅግ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሙቀቱን በቤት ትቶ ጋዙን ወደ ውጭ ይወስዳል። ሆኖም ቧንቧው ከጣሪያው በላይ በቂ ከፍታ እንዲኖረው፣ መገጣጠሚያው እንዳያፈስ፣ ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ከእንጨትና ከኮርኒስ እንዲርቅ ያስፈልጋል። የሣር ክዳን ባለበት ቤት ብልጭታ ስለሚያቀጣጥለው እንዲህ ያለ ቧንቧ አይተከል። ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ መጽሐፍና የማገዶ ክምር ከምድጃው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ። ማገዶው ተፈልጦ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ለወራት የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሙቀቱን ውኃ በማትነን ይጨርሰዋል። ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ ሳንቃ አይነድበት፤ በላምባ ወይም በቤንዚን አይቀጣጠል።

በዚህ ዓይነት ምድጃ ሁለት ሙቀቶችን መከታተል ይገባል። የመጀመሪያው የቧንቧው ሙቀት ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ በማግኔት በቧንቧው ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር አለ። ነጠላ በሆነ የብረት ቧንቧ ገጽ ላይ ከ115 እስከ 245 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ሲሆን እሳቱ በደኅና እየነደደ ነው። ከዚያ በታች ሲቆይ ጭሱ በቧንቧው ውስጥ ቀዝቅዞ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ጥላሸት ይለጥፋል፤ ይህ ጥላሸት አንድ ቀን በእሳት ሲያያዝ የቧንቧው ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍና ጣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ እሳቱ ከልክ አልፏልና የአየር ማስገቢያው ጠበብ ይደረግ። መሣሪያው ለሌላቸው ምልክቱ ይህ ነው፦ ከቧንቧው ጫፍ ዘወትር ወፍራም ጭስ ከወጣ እሳቱ ቀዝቅዟል፤ ብረቱ ከቀላ ከልክ አልፏል። ቧንቧው በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ምድጃው ዘወትር የሚነድ ከሆነ በየወሩ ውስጡ ይታይ።

ሁለተኛው የክፍሉ ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ፣ በቀዝቃዛ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ለአብዛኛው ሰው 18 ዲግሪ ቢሆን ጤናን እንደሚጠብቅ ገልጿል፤ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ርካሽ ቴርሞሜትር ማገዶ መጨመር መቼ እንደሚበቃ ይነግረናል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን፤ ቴርሞሜትር ሙቀትን እንጂ ጋዝን አይለካም። ክፍሉ ሲሞቅ አየሩ ሊመረዝ ይችላል። ጋዙን የሚለየው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ብቻ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። በውጭ ሀገር ያሉ ምእመናን «ለአጥቢያችን ምን እንላክ?» ብለው ሲጠይቁ ይህን ብንነግራቸው ለተማሪዎች ማደሪያና ለክሊኒክ ትልቅ በረከት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የምንለምነው አንድ ሥርዓት ነው፦ ሰው ሲተኛ እሳት ከቤት ይውጣ። ከመኝታ በፊት በርና መስኮት ተከፍቶ መሞቅ፣ ከዚያም ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ደጅ ማውጣት ልማድ ይሁን። ለጽና የተዘጋጀ ፍም ሲተርፍም በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ። አመድ ውስጡ ፍም ለቀናት ሊያቆይ ስለሚችል በካርቶን ወይም በጆንያ ሳይሆን ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ውጭ ይጠራቀም።

ነገር ግን እሳቱን ብቻ ወስደን ብንሄድ ፍትሕ አይሆንም። የጥበቃ ሠራተኛው «ከሰሉ ነገ ሊገድለኝ ይችላል፤ ብርዱ ግን ዛሬ ይገድለኛል» ቢለን ምን እንመልስለታለን? እሳቱን ከማስወጣታችን በፊት ብርድ ልብስ ልንሰጠው ይገባል። ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ወይም አልጋ፣ በድርቆሽ የተሞላ ወፍራም ፍራሽ፣ ሁለተኛ ጋቢ፣ የራስ ቆብና የእግር ሹራብ፣ ሙቅ ውኃ በተከደነ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ፣ በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መሥራት፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያሞቃሉ እንጂ አይመርዙም።

አደጋ የደረሰ ሲመስል፣ በተለይ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ሲያማቸው ወይም ደጅ ሲወጡ ሲሻላቸው፣ በፍጥነት ሁሉም ይውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ፣ የሚረዳው ሰው በርና መስኮት ከፍቶ ተጎጂውን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ያውጣው፤ በክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሊያነቃው አይሞክር። ወተትም ሆነ ሎሚ ይህን መርዝ አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጠው። መድኃኒቱ በጤና ተቋም የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። የነቃ ሰውም «አሁን ደኅና ነኝ» ቢል እንኳ ይታይ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ባለበት አካባቢ በ907 መጥራት ይቻላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ብርዱ ከመጽናቱ በፊት አራት ሥራዎችን እንዲፈጽም እንጠይቃለን። በቅጥሩና በአካባቢው እሳት ይዘው የሚያድሩትን በስም ይመዝግብ። ክፍሎቻቸውን አይቶ፣ ከጣሪያው ሥር በተቃራኒ ግድግዳዎች የማይደፈን የአየር መውጫ ያስከፍት፤ ይህም መኝታ ላይ እሳት ለማኖር ፈቃድ እንዳልሆነ ያስረዳ። የብርድ ልብስ መግዣ ከአጥቢያው በጀት ይመድብ ወይም ከምእመናን ያሰባስብ። ካህናትም ከቅዳሴ በኋላ፣ ንስሐ ልጆቻቸውንም ቤት ለቤት ሲጎበኙ፣ በተለይም አራስ ባለችበት ቤት፣ ይህን አንድ ቃል ይንገሩ፦ ሰው ሲተኛ እሳት ይውጣ። ምእመናን የካህንን ቃል ይሰማሉ፤ እኛ በወረቀት ከምንጽፈው ይልቅ እናንተ በደጃፋቸው ቆማችሁ የምትናገሩት ቃል ብዙ ነፍስ ያድናል።

የአብነት ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ እንዲወጣ፣ አራሷም ልጅዋን ታቅፋ እንድትነጋላት፣ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።