በባሕር ማዶ ስለ ተጋዙት አያቶቻችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የታሪክ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የምንናገረው ስለ ግዞተኞች ነው፤ ይኸውም በጠላት ወረራ ዘመን ተይዘው ከአገር ስለ ወጡት፣ የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ በመካከላችን ስለሚገኙት ሰዎች ነው።

ግዞት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በግሼን አምባ፣ ኋላም በወህኒ አምባ የነገሥታት ልጆች ተግዘው ይኖሩ እንደ ነበር ተምረናል። ነገር ግን አምባ ላይ የተጋዘ ሰው ከአገሩ አፈር አልወጣም፤ ዘመዱም የት እንዳለ ያውቃል። የ1929 ዓ.ም. ግዞት ግን ዱካ ያጠፋ ግዞት ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ጠላት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሞት የተረፉት ብዙዎች ታስረው ተበተኑ። 400 ያህል መኳንንት፣ ወይዛዝርትና የተማሩ ሰዎች ወደ ኢጣልያ ተላኩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሰርዴኛ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ሌሎች በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች መካከል ወዳለችው ወደ ኖኩራ፣ እጅግ ብዙዎች ደግሞ ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ በባሕር ዳር ወደሚገኘው ወደ ደናኔ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲገደሉ ከተረፉት ወገን ወደ ደናኔ የተጋዙ ነበሩ።

የአዚናራዎቹን ስም ማግኘት ብዙ አያስቸግርም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተግዘው፣ በ1933 ዓ.ም. በቶሪኖ ከተማ አረፉ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆነው ከተዋጉ በኋላ ወደ አዚናራ ተጋዙ (ብዙዎቻችን ጥቁር አንበሳን የምናውቀው በሆስፒታሉ ስም ብቻ ነው)። ሲመለሱም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ ኋላም በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ለመሆን በቁ።

የደናኔዎቹ ግን እንዲህ አይደሉም። በዚያ ታስረው የነበሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በመሐላ በሰጡት ቃል፣ ከገቡት 6,500 እስረኞች 3,175ቱ እንደ ሞቱ መስክረዋል። መጥፎ ውሃ፣ ወባና ተቅማጥ ፈጇቸው። ከእነዚህ ሙታን የስንቱን ስም ከመካከላችን የሚያውቅ አለ? ወጥ ቤት፣ ዲያቆን፣ አሽከር፣ ነጋዴ፣ ለማን ተጽፎ?

በሌላ አገር የሆነውን እንመልከት። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1788 እስከ 1868 ድረስ ከ160,000 የሚበልጡ ወንጀለኞችን በመርከብ ወደ አውስትራልያ አግዘዋል። የእነዚያ ዘሮች ብዙ ዘመን አያታቸውን ሲደብቁ ኖሩ፤ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና። ዛሬ ግን በየመዝገብ ቤቱ እየሄዱ ይፈልጋሉ፤ የግዞተኛው ስም፣ የተፈረደበት ነገርና የተጫነበት መርከብ ሁሉ ተጽፏልና። የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። የምናፍርበት የለንም፤ የጠፋብን መዝገቡ ነው።

እርግጥ በሮም መዝገብ ቤት የግራዚያኒ ወረቀቶች አሉ። ነገር ግን ጣልያን «ኃ»ን አጥርቶ ስለማይጠራ ኃይሉ የተባለው ሰው «አይሉ» ሆኖ ቢጻፍ አያስገርምም። ደግሞ ያገራችን ሰው አንድ ስም ብቻ የለውም፤ የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ጦረኛ ከሆነም የፈረስ ስም አለው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የልጅ ልጅ የቅም አያቱን ስም አይሸከምም። አባቶቻችን ለጋብቻ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥሩ ነበር፤ ለርስትም እንዲሁ። ዛሬ ሦስተኛ ቤት ላይ የሚቆም ተማሪ ብዙ ነው፤ በክፍላችን ጠይቀን አይተናል።

ከክበባችን የአንዲት ልጅ ቅም አያት በቤታቸው «ሱማሌ የቀሩት» ይባሉ ነበር። ልጆቹ ለንግድ የሄዱ ይመስላቸው ነበር። የልደታ አሮጌ ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ጎረቤቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ስለ ሄደ የሚጠየቅ ሰው ታጣ። በእድር በኩል አፈላልገን በከተማው ዳር የሚኖሩ አንዲት የዘጠና ዓመት እናት አገኘን። እርሳቸውም ከእናታቸው የሰሙትን ነገሩን፦ ሰውዬው ነጋዴ አልነበሩም፤ በ1929 ዓ.ም. በመጋቢት ከቤታቸው በሰንሰለት ተወሰዱ፤ የክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤል ነበር። የሞቱበትን ቀን የነገራቸው ስላልነበረ ሚስታቸው ተዝካር ለማውጣት ሦስት ዓመት ሲያመነቱ ቆዩ፤ «በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ይወጣልን?» ይሉ ነበር አሉን። በመጨረሻ በተያዙበት ቀን አወጡላቸው።

ጓደኛችን ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ማታ ግን ለአባቷ ነግራ፣ እርሳቸውም በማግሥቱ ሥራ ቀርተው እኒያን እናት ሊጠይቁ ሄዱ።

እንግዲህ አንድ ትልቅ መዝገብ አስጠርዘን በቤተ መጻሕፍታችን አስቀምጠናል። የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የተያዙበት ሰፈርና ወር፣ የነገረን ሰው ማን እንደ ሆነና ከማን እንደ ሰማ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ አለው። እስካሁን 11 ሰው ገብቷል፤ የሰባቱ የክርስትና ስም ባዶ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እስከ 11 ሰዓት እዚያ እንገኛለን። ሽማግሌዎችና እናቶች ደረጃ መውጣት ከከበዳችሁ ላኩብን፤ እኛ ደብተራችንን ይዘን ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን።